ቴፕ ሲበዛ ቱሪንግ ማሽን ይጎለብታል ወይ?
ቱሪንግ ማሽን ማለቂያ በሌለው ቴፕ ላይ ምልክት እያነበበና እየጻፈ የሚያሰላ የሐሳብ ማሽን ነው። ባለ ብዙ ቴፑ ከባለ አንዱ ይበልጣል ወይ፣ ለእውነተኛው ኮምፒውተርስ የቱ ይቀርባል ላልከው፦ በአቅም አይበልጥም። ባለ ብዙው የሚፈታውን ሁሉ ባለ አንዱም ይፈታዋል፣ ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ። ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ የሆነን ቃል መለየትን ውሰድ። ባለ አንዱ የመጀመሪያውን ፊደል ይይዝና እስከ ጫፍ ሄዶ ከመጨረሻው ጋር ያስተያያል፣ ተመልሶ ሁለተኛውን ይይዛል፣ እንዲህ ሲመላለስ ልፋቱ በቃሉ ርዝመት ስኩዌር ያድጋል። ሁለተኛ ቴፕ ካለው ግን ቃሉን እዚያ ይገለብጥና አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ እያነበበ በቶሎ ይገላገላል።

ለኮምፒውተር ግን ሁለቱም ሩቅ ናቸው፤ የፈለገው አድራሻ ላይ በቀጥታ የሚደርሰው የራም ሞዴል ይሻላል። «ሜሞሪው ውስን ስለሆነ ኮምፒውተር ቱሪንግ ማሽን አይደለም» የሚሉህም ልክ ናቸው፣ ግን ምን ይፈይዳል? 8 ጊጋባይት ብቻ ቢያንስ 64 ቢሊዮን ቢት ነው። ሜሞሪው ሊሆናቸው የሚችላቸው ሁኔታዎች ብዛት 2 በዚያ ቁጥር ፓወር ሲደረግ ነው፤ ኮምፒውተሩን ሁኔታዎቹን በሚዘረዝር ሰንጠረዥ ልግለጸው ብትል፣ ያንን ሰንጠረዥ ማን ሠርቶ ይጨርሳል?