ስንት ጊዜ ይፈጃል? ኒውክሌር ለመማር ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ወደዚህ ሙያ የሚጎትታችሁ የኒውክሌር ጉልበት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔንም የጎተተኝ እሱ ነው። አንድ የዩራኒየም አስኳል ሲሰነጠቅ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶም ኃይል የሚለካባት በጣም ትንሽ መለኪያ) ገደማ ይለቃል። አንድ የካርቦን አቶም ሲነድ የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። እኔ ግን ዕድሜዬን በሪአክተርና በጨረራ ጥበቃ ሥራ ከፈጀሁ በኋላ ለአዲስ ገቢ መጀመሪያ የምነግረው ስለ ሰዓት ነው። ማንም ምንም ቢነግራችሁ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፀሐይን ውሰዱ። እምብርቷ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ይቀየራል፤ ከዚህ ውስጥ 4 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ኃይል ሆኖ ይወጣል። ይህን የሰማ ሰው ፀሐይን ማቆሚያ የሌለው ፍንዳታ አድርጎ ይስላታል። እስቲ እስክሪብቶ አንሡና የምታወጣውን ኃይል ለክብደቷ አካፍሉት። በኪሎ 0.0002 ዋት አካባቢ ይመጣላችኋል። ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው በኪሎ 1 ዋት አካባቢ ሙቀት ይሰጣል። በኪሎ ከተሄደ እናንተ ፀሐይን በሺዎች እጥፍ ታስከነዷታላችሁ! እምብርቷ ውስጥ እንኳ አንድ ሜትር ኩብ የሚሰጠው ከ300 ዋት አይበልጥም። ትልቅ የኃይል ማመንጫ ሪአክተር ከዚያው ከአንድ ሜትር ኩብ 100 ሚሊዮን ዋት ገደማ ያወጣል። ፀሐይ የምትበልጠን በግዝፈቷ ነው።

ለምን እንዲህ ተንቀራፈፈች? ፕሮቶኖች፣ ማለትም የሃይድሮጂን አስኳሎች፣ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙላት ስላላቸው ይገፋፋሉ። 15 ሚሊዮን ዲግሪም ይህን ግፊያ በጉልበት ለማለፍ አይበቃም። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ጋሞው እ.ኤ.አ. በ1928 አንድ ነገር አሳየ፤ ቅንጣቶች በጉልበታቸው ሊወጡት የማይችሉትን ግድግዳ አልፎ አልፎ ሰርስረው ያልፉታል። ይህ ግን ገና ግማሽ መንገድ ነው። ሁለቱ ፕሮቶኖች በተገናኙባት ቅጽበት አንዳቸው ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለባቸው። እሱ ደግሞ የብርቅ ብርቅ ነው። እምብርቱ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቶን ይህ ዕድል እስኪገጥመው በአማካይ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይጠብቃል። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ሀንስ ቤተ ይህን ሂደት በ1930ዎቹ መጨረሻ አስልቶ በ1967 ኖቤል ተሸለመ። ይህች እርምጃ ባትዘገይ ኖሮ የምናውቃት ፀሐይ አትኖርም ነበር።

ሪአክተር ውስጥ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ሁለት ወይም ሦስት ኒውትሮን ይወጣል፤ እነሱ ሌላውን ይሰነጥቃሉ። አንድ ትውልድ፣ ማለትም ከአንድ ስንጥቅ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ፣ ከሰከንድ 10,000ኛ ክፍል ያህል ይፈጃል እንበል። በየትውልዱ ከሺህ አንድ ብቻ ቢጨምርስ? ምንም አይመስልም። በካልኩሌተር ምቱት፤ በአንድ ሰከንድ ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህን የሰው እጅ ቀርቶ ሞተርም አይደርስበትም።

ያዳነን ነገር ትንሽ ነው። በዩራኒየም 235 ከሚወጡት ኒውትሮኖች 0.65 በመቶ ያህሉ ዘግይተው ነው የሚመጡት። ከስንጥቁ ስብርባሪ ውስጥ በሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከደቂቃ በኋላ ብቅ ይላሉ። ሪአክተሩ ያለ እነዚህ ዘግይቶ መጪዎች ሂደቱን ማስቀጠል እንዳይችል ተደርጎ ይነዳል። ስለዚህ ኃይሉ ሲጨምርም ሲቀንስም በእነሱ ሰዓት ነው፤ እኛም ኒውትሮን የሚውጠውን የመቆጣጠሪያ ዘንግ ለማንቀሳቀስ ፋታ እናገኛለን። ስለ ሪአክተር አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን ነው የምላችሁ።

ሰዓት መቁጠር ምን እንደሚጠቅም የሚያሳየው ሌላው የሃንፎርድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 አሜሪካ ውስጥ፣ ሃንፎርድ በተባለው ቦታ፣ ትልቁ ቢ ሪአክተር ተነሣ። ሥራ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ማንም ሳይነካው ኃይሉ መውረድ ጀመረ፤ ጭራሽ ጠፋ። ሌላ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ራሱ ነፍስ ዘራ። ውሃ ገብቶበት ይሆን? ብለው ፈተሹ። የፊዚክስ ሊቆቹ ጆን ዊለርና ኤንሪኮ ፌርሚ ግን ዓይናቸውን የጣሉት ኃይሉ የወረደበትና የተመለሰበት ፍጥነት ላይ ነበር። ሰዓቱ ከዜኖን 135 ጋር ገጠመ። ይህ ከስንጥቁ ስብርባሪ የሚወለድ ጋዝ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ እስኪፈርስ የሚፈጀው ጊዜ) 9 ሰዓት ገደማ የሆነ፣ ኒውትሮን የሚውጥ ሆዳም ነው። ሌባው በሰዓቱ ተያዘ። ደግነቱ መሐንዲሶቹ 1,500 የነበረውን የነዳጅ ቀዳዳ 2,004 አድርገውት ስለነበር ትርፉን ሞልተው ተወጡት። ከ42 ዓመት በኋላ ቼርኖቤል ላይ ያው ዜኖን ተመልሶ መጣ። የዚያን ሌሊት ኃይሉ ወረደ፣ ዜኖኑ ተጠራቀመ፣ ኦፕሬተሮቹ ኃይሉን ለመመለስ ዘንጎቹን አብዝተው አወጡ። የዲዛይኑ ጉድለት ተጨመረበትና የሆነው ሆነ።

ደግሞ «ጠፍቷል» ሲሏችሁ እንዳታምኑ። የምርምር ሪአክተር ገንዳ የማየት ዕድል ካገኛችሁ፣ ሲጠፋ ቆማችሁ ተመልከቱት። ጨረራው ውሃው ውስጥ የሚፈጥረው ሰማያዊ ብርሃን እንደ አምፖል ድርግም አይልም። ከስብርባሪዎቹ የሚወጣው ጨረራ ስላላቆመ እየደበዘዘ ይቆያል። ትልቅ ሪአክተር በጠፋበት ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ 6 ወይም 7 በመቶ ያህል ሙቀት ይቀረዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 1.5 በመቶ ገደማ፣ ከአንድ ቀን በኋላም ግማሽ በመቶ ያህል ነው። ግማሽ በመቶን አትናቁት፤ 3,000 ሜጋዋት ሙቀት ለሚያመነጭ ሪአክተር 15 ሜጋዋት ማለት ነው። ጃፓን፣ ፉኩሺማ ላይ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 የሆነው ይኸው ነው። ምድር ሲንቀጠቀጥ እየሠሩ የነበሩት ሪአክተሮች ወዲያው ጠፉ። ሱናሚው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደርሶ ጄኔሬተሮቹን ዋጠ። ማቀዝቀዣ ጠፋ፣ የሦስት ሪአክተሮች እምብርት ቀለጠ። መሰንጠቁ እኮ ከቆመ ቆይቷል!

ጨረራ ላይም ያው ጥያቄ ይሠራል። «ለቢሊዮን ዓመታት ይቆያል» ሲባል ሰው ይርዳል። ግን ረጅም ዕድሜ ያለው ነገር ቆጥቦ ነው የሚሰጥ። አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ስለሆነ አጣዳፊ ነው። የዩራኒየም 238 ግን 4.5 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ማዕድኑን በጓንት ይዘን እንሠራለን። ከመጥፎዎቹ ዋናዎቹ መሃል ላይ ያሉት ናቸው፤ እንደ ሲዝየም 137፣ 30 ዓመት። ይህ ጨረራው ብርቱ እንዲሆን የሚበቃ አጭር፣ ለሰው ልጅ ዕድሜ ግን ረጅም ነው። በዚያ ላይ በጨረራ መመታትንና በጨረራ አመንጪ ነገር መበከልን ለዩ። ራጅ የተነሣ ሰው ጨረራ ይዞ አይወጣም። ልብሱ ላይ ሲዝየም የተራገፈበት ሰው ግን ይዞ ይሄዳል። ጋዜጠኞች ሁለቱን ሲያምታቱ ሁሌም ያናድደኛል።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዩራኒየም ከከዋክብት ዓለም በጣም ፈጣን ከሆነው ክስተት የመጣ ነው፤ ኒውትሮን በኒውትሮን ላይ በሰከንዶች ውስጥ ተደራርቦ ተሠርቶ፣ በቢሊዮን ዓመታት ይፈርሳል። የዩራኒየም 235 ግማሽ ዕድሜ 704 ሚሊዮን ዓመት ነው። ዛሬ ከተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ ድርሻው 0.72 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ግን ከጋቦን፣ ኦክሎ ከሚባል ቦታ የመጣ ማዕድን ሲለካ 0.717 ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱን የተከታተሉት የፈረንሳይ ሳይንቲስቶች ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ውሃ የገባበት ማዕድን ራሱን በራሱ ለኩሶ ሪአክተር ሆኖ እንደሠራ ደረሱበት። ያኔ የዩራኒየም 235 ድርሻ ስንት እንደነበር አስሉ። የ238ቱንም መቀነስ አትርሱ። ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ውስጥ ከገባችሁ፣ ዛሬ ፋብሪካ አበልጽጎ፣ ማለትም የ235ቱን ድርሻ ከፍ አድርጎ፣ ለኃይል ማመንጫዎች ከሚያቀርበው ነዳጅ ጋር አወዳድሩት።