ጥያቄና መልስ፦ «ቤተ ክርስቲያን ጋሊሊዮን አቃጥላዋለች» ላለኝ ልጄ ምን ልመልስለት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ፊዚክስ ያጠናል። ለዕረፍት ቤት መጥቶ ማታ ዳዊት ስደግም «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ ምድር ትዞራለች ስላለ ብቻ ጋሊሊዮን አቃጥላዋለች፤ የምትደግሚውም መጽሐፍ ምድር አትናወጥም ይላል» አለኝ። መልስ ሳጣ ተቆጣሁት። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት ስጠራው አይመጣም። ምን ልበለው? ትምህርቱን ላስለውጠው? ንስሐስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ እናታችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከመጨረሻው ልጀምርልዎት፦ ልጅዎ ስለጠየቀ ንስሐ የሚገባበት በደል የለም። ትምህርቱንም አያስለውጡት። የሚመልሱለት እንዲኖርዎት ግን ታሪኩን ማወቅ ስላለብዎት ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጋሊሊዮ አልተቃጠለም። በ1600 ሮም ውስጥ በእሳት የተቃጠለው ጆርዳኖ ብሩኖ የሚባል ሌላ ሰው ነው፤ ብዙዎች ሁለቱን ያምታታሉ። ጋሊሊዮ በ1642 በ77 ዓመቱ በመኖሪያ ቤቱ ነው ያረፈው። ይህን ግን ልጅዎን ለመርታት አይጠቀሙበት፤ የተደረገበት ቀላል አይደለምና።

ሰውዬው በ1564 ጣልያን ውስጥ በፒዛ ተወለደ። በ1609 ሆላንድ ውስጥ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መሣሪያ ተሠራ ሲሉ ሰምቶ እርሱም በእጁ ሠራ፤ እያሻሻለ ሃያ እጥፍ ያህል አቅርቦ የሚያሳይ አደረገውና ወደ ሰማይ አቀናው። ልሙጥ ናት ሲሏት የኖረችው ጨረቃ ተራራና ሸለቆ ሞልቶባት አገኛት። ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ሌሊት ደግሞ ጁፒተር የሚባለው ፕላኔት አጠገብ ሦስት ጥቃቅን ብርሃኖች አየ፤ ሳምንት ሳይሞላ አራት ሆኑ። ሌሊት ሌሊት ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ከጁፒተር ግን አይለዩም፤ እየዞሩት ነው። ከጥንቶቹ ጠቢባን ከአርስጣጣሊስና ከበጥሊሞስ የተወረሰው ትምህርት ደግሞ በሰማይ ያለው ሁሉ ምድርን ይዞራል የሚል ነበር። ቆይቶም እኛ የአጥቢያ ኮከብ የምንላትን ቬነስን ሲከታተል እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ አያት፤ በዚያ ዓይነት መሙላትና መጉደል የምትችለው ፀሐይን ብትዞር ነው። ምድር ፀሐይን ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ ከእርሱ በፊት በ1543 በመጽሐፍ ያወጣው ኮፐርኒከስ ነበር፤ እርሱም ፖላንድ ውስጥ በካቴድራል የሚያገለግል የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው።

ልጅዎ ምናልባት ያልሰማውን ልጨምርልዎት። በ1611 ጋሊሊዮ ያየውን በዓይናቸው አይተው ያረጋገጡት ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባላት የሆኑ፣ በሮም የሚያስተምሩ ካህናት ናቸው። ከእነርሱ ታላቁ ክላቪየስ፣ በ1582 የወጣውን፣ አውሮፓ እስከ ዛሬ የምትጠቀምበትን ካላንደር ካዘጋጁት አንዱ ነበር። ፋሲካን በቀኑ ለማክበር ፀሐይንና ጨረቃን መቁጠር ግድ ነው፤ የእኛም አባቶች ባሕረ ሐሳብን ያቆዩልን ለዚሁ ነው። የፀሐይ ዓመት የጨረቃን ዓመት የሚበልጥባቸው 11 ቀኖች አይደሉምን አበቅቴ የሚያወጡልን? ሰማይን መመርመር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ሥራ ሆኖ አያውቅም።

ታዲያ ጠቡ ከየት መጣ? በ1616 የሮም ቤተ ክርስቲያን የእምነት መርማሪዎች ፀሐይ በመካከል ቆማለች፣ አትንቀሳቀስም ማለት ሞኝነትና ኑፋቄ ነው ብለው ፈረዱ። በክርክሩ ይጠቀሱ የነበሩት ቃላት እርስዎም የሚያውቋቸው ናቸው፦ ኢያሱ በገባዖን ፀሐይን ማቆሙ፣ ዳዊት በመዝሙር 103 ምድር እንዳትናወጥ ተመሠረተች ማለቱ፣ መክብብ ፀሐይ ትወጣለች ትገባለች ማለቱ። ካርዲናል ቤላርሚኖ ጋሊሊዮን ጠርቶ ሐሳቡን እንዲተው አስጠነቀቀው፤ የኮፐርኒከስም መጽሐፍ እስኪታረም ታገደ። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ይኸው ቤላርሚኖ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጻፈው ደብዳቤ፣ ነገሩ በእውነት ከተረጋገጠ ቅዱስ መጽሐፉን የተረጎምንበትን መንገድ በብዙ ጥንቃቄ ማየት አለብን፣ አልገባንም ማለት ይሻለናል ብሎ ነበር። መንገዱን አይቶታል። አልሄዱበትም።

ለእውነት ስንል የጋሊሊዮንም ጉድለት እንናገር። የመጨረሻው ማስረጃ በእጁ አልነበረም። በጣም የተመካበት የባሕር ሞገድ ከፍና ዝቅ ማለት ከምድር መዞር ይመጣል የሚለው ክርክሩ ስሕተት ነው። ምድር ስትዞር የቅርብ ኮከብ ቦታ የሚለውጥ መስሎ መታየቱ የተለካው በ1838 ነው። በ1632 ባሳተመው መጽሐፍም ወዳጁ የነበሩትን የፖፕ ኡርባን 8ኛን ሐሳብ የሞኝ ሚና በያዘ ተናጋሪ አፍ ላይ አኖረውና አስቀየማቸው።

ይህ ሁሉ ግን በ1633 የተደረገውን አያቀልልኝም። ጁን 22 ቀን የ69 ዓመት ሽማግሌ በሮም ተንበርክኮ፣ እጁን ወንጌል ላይ አድርጎ፣ የሚያምንበትን ነገር እንደማያምን እንዲምል ተደረገ። እናታችን፣ እኔ የወንጌል አስተማሪ ነኝ፤ በቤቱ መታሰሩ ሳይሆን ይህ መሐላ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አትጥራ የሚለውን ሕግ እንዲጠብቁ የተሾሙ ሰዎች አንድን ምእመን በፍርሃት ወደ መሐላ ነዱት። ከፈራጆቹ 10 ካርዲናሎች ሦስቱ ፍርዱ ላይ አልፈረሙም።

በቅጣቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ሰባቱን የንስሐ መዝሙራት በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ዓመት እንዲደግም ታዘዘ፤ እርስዎ ሁልጊዜ የሚደግሙት መዝሙር 50 ከእነርሱ አንዱ ነው። መነኩሲት የሆነች ልጁ ማርያ ቼሌስቴ ይህን ስትሰማ «እኔ እደግምልሃለሁ» ብላ ሸክሙን ወሰደችለት። ፍርዱን ፈራች እንጂ አባቷን አልካደችም፤ አባቷንም ወድዳ እምነቷን አልተወችም። በሚቀጥለው ዓመት በ33 ዓመቷ ሞተች። እርሱም ዓይኑ ጠፍቶ፣ ከቤት እንዳይወጣ በተፈረደበት ቦታ እስከ ሞቱ በክርስትናው ኖረ። ልጅዎ «ሳይንስና እምነት» ሲልዎት የእነዚህን የአባትና የልጅ ነገር ይንገሩት።

ወደ ቅዱስ መጽሐፉ ልመለስ። ልጅዎን ፊዚክስ የሚያስተምሩትም መምህራን «ፀሐይ ወጣች፣ ጀንበር ጠለቀች» ይላሉ፤ ሐሰት ተናገሩ አይባልም። ኢያሱም የተናገረው ሰው በሚያይበት ልክ ነው። ዳዊት «ምድር አትናወጥም» ሲል ፈጣሪዋ አይጥላትም ማለቱ ነው፤ በዚያው ዳዊት ጻድቅም ለዘላለም አይናወጥም ተብሏል፣ ጻድቅ ግን ይሄዳል ይመጣል። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምር፣ ሙሴ የምድርን ስፋት ያልጻፈልን ለመዳናችን የሚያስፈልግ ስላልሆነ ነው ብሏል። የእኛም ሊቃውንት አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ደጋግመው የሚፈቱት ቃሉ በአንድ ሰው አስተያየት እንደማያልቅ ስለሚያውቁ ነው። የሮም መርማሪዎች የበጥሊሞስን ፍልስፍና ከቅዱስ ቃሉ ጋር በአንድ ገመድ አሰሩት፤ ፍልስፍናው ሲወድቅ ቃሉ የወደቀ የመሰለው ለዚህ ነው።

«ያ የካቶሊኮች ጉዳይ ነው» የሚልዎት ይኖራል። እውነት ነው፤ የጋሊሊዮ መጽሐፍ በታተመበት በዚያው በ1632 በአገራችን ዓፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ከሮም እምነት ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሆኖም ይህን ለልጅዎ መልስ አድርገው አይስጡት። የጠየቀንን ልጅ በቁጣ ዝም ባሰኘን ቁጥር ያው ፍርድ ቤት በየቤታችን ይቋቋማል። ካቶሊኮቹ ራሳቸው በ1992 በፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አማካይነት ፈራጆቹ መሳሳታቸውን በይፋ ተናግረዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ልጅዎን «ተቆጥቼህ ነበር፣ ይቅር በለኝ፤ ጥያቄህ መልስ ነበረው፣ እኔ አላወቅሁትም ነበር» ይበሉት። ለጸሎት አያስገድዱት፤ እርስዎ ግን በሰዓትዎ ድምፅዎን ሳይቀንሱ ይድገሙ። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ጁፒተር ወጥቶ ከሆነ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ ደህና ባይናኩላር ከተገኘ አራቱ ጨረቃዎች ዛሬም ይታያሉ። እያዩ ሳሉ መዝሙር 18ን ከመጀመሪያው ይጀምሩለት፦ «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ»። የቀረውን እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ከእርስዎ ሲሰማ አድጓል።