መልስ፦ ፍራኪንግ የከርሰ ምድር ውሃን እንዴት ይበክላል?

ፍራኪንግ ማለት ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ ጥልቅ ዓለት በመግፋት ዓለቱን ሰንጥቆ ጋዝ ወይም ነዳጅ ዘይት ማውጣት ነው። «ዓለቱ የሚሰነጠቀው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ከሆነ፣ ላይ ያለው ውሃ እንዴት ይበከላል?» ብለሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስንጥቁ ራሱ ያን ሁሉ ዓለት አልፎ የመጠጥ ውሃው ጋ መድረሱ ብዙም አይጠበቅም። እዚህ ላይ የጋዝ ኩባንያዎቹ እውነት አላቸው።

ግን የጋዝ ጉድጓዱ የሚወርደው ውሃውን ሰንጥቆ ነው! በብረት ቱቦውና በዓለቱ መካከል የሚሞላው ሲሚንቶ በደንብ ካልያዘ፣ ጋዝ በዚያው ሽቅብ ይወጣል። በ2011 የወጣው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ ግዛት ለጋዝ ጉድጓዶች ቅርብ በሆኑ የውሃ ጉድጓዶች ከፍተኛ ሚቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል) አግኝቷል። የፍራኪንግ ፈሳሽ ምልክት ግን አላገኘም። ሚቴን ደግሞ በተፈጥሮም ውሃ ውስጥ ይኖራል። ቁፋሮው ሳይጀመር በውሃው ውስጥ የነበረውን ሚቴን ማን ለካው? ጭቅጭቁ የማያልቀው ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ላይ ላዩን ያለው ነው፤ የኬሚካል መፍሰስ፣ ከጉድጓዱ ተመልሶ የሚወጣው ጨዋማ ፍሳሽ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በ2016 ሪፖርቱ እነዚህን ጠቅሶ፣ በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃ ሊጎዳ ይችላል ብሏል።

ስለዚህ «ፍራኪንግ ውሃ አይበክልም» የሚልህ ሰው ካለ፣ ስለ ስንጥቁ ብቻ ነው ወይስ ስለ ሥራው ሁሉ የምታወራው በለው።