የሞዴል ባቡር ፉርጎ ፍለጋ፦ ከባሕር ዳር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባሕር ዳር የባቡር ፉጨት ሰምታ አታውቅም፤ ይህ ግን በከተማዋ የሞዴል ባቡር ወዳጅ እንዳይኖር አላደረገም። ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና ይዘን በተቀመጥንበት፣ ከገበያ የወጡ የዕቃ ፉርጎዎችን ፈልጎ ስለማግኘት ወዳጆቼ በወረቀት ጽፈው ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች በችኮላ የሰጠኋቸውን መልሶች እዚህ አስፍቼ ጽፌያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ፍለጋ ከመጀመሬ በፊት የትኛውን መጠን ልምረጥ? (ተማሪ፣ ከፖሊ)

ኤች ኦ የሚባለው ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ሞዴል ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን ደግሞ 160 ጊዜ ያነሰ ሆኖ በ9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ያገለገለ ዕቃ በብዛት የሚገኘው በኤች ኦ ስለሆነ እርሱን ያዝ። አሜሪካዊው ላዮኔል የታወቀበት ኦ የተባለው ትልቁ መጠን ያምራል፤ ነገር ግን ጥቂት ፉርጎ እንደገዛህ መደርደሪያህ ይሞላል።

በኢንተርኔት ላይ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ «ፉርጎ» ብዬ ስፈልግ የሚመጣልኝ የማልፈልገው ነው። የት ላይ ተሳሳትኩ? (መምህርት፣ ከሽምብጥ)

ስሕተቱ የእርስዎ ሳይሆን የቃሉ ነው። ፉርጎ ከፈረንሳይኛ የወሰድነው ቃል ሲሆን እኛ ዕቃ የሚጭነውን ሁሉ እንጠራበታለን፤ በፈረንሳዮቹ የባቡር አነጋገር ግን የመንገደኛ ሻንጣ የሚጫንበትንና የባቡሩ ሠራተኛ የሚሳፈርበትን ዝግ ተሽከርካሪ ነው የሚያመለክተው። ስለዚህ «ቫጎን ደ ማርሻንዲዝ» ብለው ይፈልጉ። በጀርመንኛ ደግሞ «ጉተርቫገን» የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ በር ይከፍታል፤ ምክንያቱም የአባቱን ቆጥ የሚያጸዳ ጀርመናዊ ዕቃውን የሚገልጸው በራሱ ቋንቋ ነው። «ኮንቮሉት» የሚል ቃል ካዩ በአንድ ላይ የሚሸጥ ድብልቅ ዕቃ ማለት ስለሆነ ሳያዩት አይለፉ፤ እኔ ካሉኝ ፉርጎዎች የምወዳቸው የመጡት ከእንዲህ ያለው ክምር ነው። የጀርመኑን የሞዴል ባቡር አምራች የማርክሊንንም (Märklin) ስም በፊደሉ ራስ ላይ ካሉት ሁለት ነጠብጣቦች ጋርም ያለ እነርሱም ጽፈው ይሞክሩ።

ዕቃውን በእጄ ሳልይዝ በፎቶ ብቻ ትክክለኛነቱን እንዴት ላውቅ እችላለሁ? (የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ከዓባይ ማዶ)

ከሁሉ አስቀድመው የፉርጎውን ሆድ፣ ማለትም የታችኛውን ክፍል፣ የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቁ። ሻጭ ሁሉ የሚያሳየው ጎኑን ነው፤ ጎኑ ግን ሊቀባ ይችላል። ከሥር የአምራቹን ምልክት፣ ብዙ ጊዜም የካታሎግ ቁጥሩን፣ የማያያዣውን ዓይነትና የአክስሎቹን ሁኔታ ያገኛሉ። ማርክሊን እ.ኤ.አ. በ1957 የዕቃዎቹን አቆጣጠር ወደ አራት አኃዝ ስለቀየረ፣ በዕቃውና በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማነጻጸር ብቻ እንኳ ዘመናቸው መገጣጠሙን ይነግርዎታል።

ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ራሴ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ተታልያለሁ። «ፈጽሞ ያልተነካ» ተብሎ የተሸጠልኝን አረንጓዴ የቆርቆሮ ፉርጎ ተቀብዬ ተንሸራታች በሩን ገፋ ሳደርገው፣ ከበሩ ሥር የጥፍር ያህል ስፋት ያለው ቡናማ መስመር ብቅ አለ፤ የመጀመሪያው ቀለም ያ ነበር። ገልብጬ ሳየው ደግሞ አካሉን ከወለሉ ጋር የሚያያይዙት ትናንሽ የቆርቆሮ ምላሶች እጥፋታቸው ላይ ቀለማቸው ተልጦ ያብለጨልጫል፤ ከአራቱ አንደኛው ተሰንጥቋል። ከፋብሪካ የወጣ ምላስ አንዴ ብቻ ነው የሚታጠፈው። ስለዚህ የእነዚያን ምላሶች የቅርብ ፎቶ ሳላይ ዛሬ አንድ ሳንቲም አልልክም። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ የቡሎን ራሶችን አጉልተው ይመልከቱ፤ ዳግመኛ የተቀባ ፉርጎ ላይ ቀለሙ ወፍሮ ዙሪያቸውን ስለሚሞላው ጥርት ብለው አይታዩም።

የማርክሊን ፉርጎ በሌላ ሐዲድ ላይ ሳስቀምጠው ባቡሩ በሙሉ ቆመብኝ። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን? (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ)

አልተበላሸም። ማርክሊን ኤች ኦ ኤሌክትሪኩን የሚወስደው በሐዲዱ መካከል ካሉት ነጥቦች ስለሆነ የግራና የቀኝ መንኮራኩሮቹ እንዲነጠሉ አላስፈለገም፤ በሁለት ሐዲድ በሚሠራው ዘዴ ላይ ግን ያው አክስል ሁለቱን ሐዲዶች አገናኝቶ ሾርት ያደርጋል። ቴስተርህን ሁለቱ መንኮራኩሮች ላይ አድርገው፤ ከጮኸ አክስሉን በተነጠለው ዓይነት ቀይር። የነበረውን ግን አትጣለው፤ በትንሽ ከረጢት አድርገህ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጠው።

የለገሃርን ባቡር ፉርጎዎች በሞዴል መሰብሰብ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? (ጡረተኛ፣ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ)

አባቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። አሮጌው የጅቡቲ መሥመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የተነጠፈለት ሐዲድ የአንድ ሜትር ስፋት ብቻ ነበረው። 1,000 ሚሊ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ስለሚሆን፣ የሚስማማው ኤች ኦ ኤም የሚባለው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። ብዙ ሰው በተለመደው 16.5 ላይ ሲያስቀምጠው አያለሁ፤ እርሱ ግን የእርስዎ ባቡር ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር ልክ ነው፤ የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነውና። ቤሞ የተባለው የጀርመን አምራች የስዊዘርላንዱን የሬቲሽ ባቡር ፉርጎዎች በዚሁ በ12 ሚሊ ሜትር ይሠራል። ባለ ሁለት አክስሉን ዝግ ፉርጎ ይግዙና አሮጌ ፎቶ እያዩ ግድግዳውን ይለውጡ። ርካሹንና የተጎዳውን ይምረጡ፤ ሙሉውን ቆርጦ መሥራት ነውር ነው።

ክረምቱን እንዴት ላስቀምጣቸው?

ቤታችን ለጣና ቅርብ ነውና እርጥበቱ ቀላል አይደለም። ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የዚንክ ቅይጥ ነው። ቅይጡ ውስጥ በስሕተት የገባ እርሳስ ካለ ብረቱ ከውስጥ እየተሰነጠቀና እያበጠ ይሄዳል፤ እርጥበትም ያፋጥነዋል። መድኃኒት የለውም። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ የተሠራ ዕቃ ስትገዙ የቀጭን ስንጥቅ መስመር ወይም የተጣመመ ወለል ካያችሁ ተዉት። እኔ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ሲሊካ ጄል ጨምሬ፣ ከውጭ ግድግዳ በራቀ ቁም ሣጥን ውስጥ አኖራቸዋለሁ። ከዕቃው ጋር የመጣው ስፖንጅ ሲያረጅ ይሟሟና ቀለሙ ላይ ስለሚጣበቅ አውጡት።

ዝገቱን ላጽዳው?

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያንሱ። አሸዋ ወረቀት የነካው ፉርጎ ዋጋው የዚያኑ ቀን ይወድቃል።

እኅቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ፉርጎዎቹን ከነትራንስፎርመሩ ታምጣልኝ?

ፉርጎዎቹን በእጅ ሻንጣዋ ትያዝልሽ። ትራንስፎርመሩ ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካሽው ይቃጠላል፤ እዚያው ይቅር።

ባዶ ካርቶን በገንዘብ ሲሸጥ አየሁ። እውነት የሚገዛ አለ?

አለ፤ እኔም ገዝቻለሁ። ፉርጎው ብዙ ቦታ ይገኛል፤ ካርቶኑን ግን ልጆች በመጀመሪያው ቀን ይቀድዱታል። ከመግዛትዎ በፊት በካርቶኑ ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር እርስዎ ካለዎት ፉርጎ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን ይዩ፤ እኔ ከገዛኋቸው ሁለት ካርቶኖች አንዱ እስካሁን ፉርጎ የለውም።