ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሽሮ ሜዳ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ፣ ሁላችንንም በዚሁ ሥራ አሳደገን። እናቴ ትፈትላለች። ሰሞኑን ሰፈሩ መልሶ ሊለማ ነው ተብለን ለስብሰባ ተጠራን። ካርታ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቢጫ አለ፣ ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ። የእኛ ቤት ቀዩ ውስጥ ነው።

የሰፈሩ መፍረስ ብቻውን አያስከፋኝም። ሽንት ቤታችን ለስድስት አባወራ አንድ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ደጃችን ድረስ ይመጣል። የጎረቤታችን ልጅ በዊልቸር ነው የሚሄደው፤ ከግቢ የሚወጣው ሰው ተሸክሞት ነው። አዲስ ቤት እኔም እፈልጋለሁ። ግን አባቴ "ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈር፣ የት ተቀምጬ ልሠራ ነው?" እያለ እንቅልፍ አጥቷል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ ስጡ ተብለናል። እንደኛ ያለ ተራ ሰው ምን ብሎ ቢናገር ይሰማል? ወይስ ዝም ብለን እንፈርም?

የሸማኔው ልጅ፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ

ልጄ፣ ዝም ብላችሁ እንዳትፈርሙ። ስብሰባውም እንዳያመልጣችሁ። አባትሽ የጠየቁት ጥያቄ ብዙ ፕላን አውጪ ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

ሽመና በቅርብ አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ሸማኔው ጉድጓድ አፍ ላይ ይቀመጣል። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ይረግጣል፤ እጁ ከላይ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ከዚያ በፊት ደግሞ ድሩ መደራት አለበት። ለዚህ ችካል ይተከላል፣ ሰውየው ክሩን ይዞ በችካሎቹ መሀል ሲመላለስ ይቆያል። ስለዚህ የሸማኔ ቤት ማለት ክፍሉ ብቻ አይደለም። መሬቱም ደጁም የሥራ ቦታው ነው። ጉድጓድ የማይፈልግ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት የሚሠራ የሽመና ዕቃም አለ። አባትሽ ሊሞክሩት ከፈለጉ ጥሩ። ግን እሱም ቦታ ይበላል። ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ቤት ውስጥ እሱ ከገባ አልጋው ይወጣል።

አንድ የራሴን ነገር ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ በአንድ የክልል ከተማ የሰፈር ፕላን እንሠራ ነበር። ካርታው ላይ አንድ ባዶ ቦታ አገኘሁ። ሄጄም አየሁት፤ ማንም የለበትም። የመኪና ማቆሚያ አደረግሁት። በስብሰባው ቀን አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና "ልጄ፣ ሰው ሲሞትብን ድንኳኑን የት እንትከል?" አሉኝ። ለካ የእድሩ ቦታ ነው። ሐዘንም ሠርግም የሚቀመጠው እዚያ ነው። እኔ ያየሁት ማክሰኞ ጠዋት ስለነበር ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ፕላኑን ቀየርነው። እኚያ እናት ባይነሡ ግን ሰፈሩ በሙሉ እስከ ዛሬ በእኔ እርሳስ ይኖር ነበር። ተራ ሰው ይሰማል ወይ ላልሽው፣ እኔ ሰምቻለሁ።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ነዋሪውን በመድረክ ማሳተፍን ከመሠረታዊ መርሆዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል። ለጎረቤታችሁ ልጅ ደግሞ የሕንፃ አዋጁን ጥቀሱ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው መግቢያ ሊኖረው ይገባል ሲል ደንግጓል። እናንተ ከዚያም አልፋችሁ ለመኖሪያውም ጠይቁ። ለእሱ ቤተሰብ ምድር ቤት ይሰጠው በሉ። እኛ የምናውቀው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውምና።

ኮንዶሚኒየሙ ብዙ ሰው የራሱ ሽንት ቤትና የራሱ ቁልፍ እንዲኖረው አድርጓል፤ ይህን አልክድም። መጀመሪያ ሲታሰብም የሰዉን ኑሮ ያየ ሰው ነበረበት። ኮሚናሉ፣ ማለትም የጋራ መገልገያው ቤት፣ የተሠራው ለዚያ ነው፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ነበር። በኋላ ግን ብዙ ቦታ ላይ ለሌላ ነገር ተከራየ። ስለዚህ "የጋራ የሽመና ቤት ይሠራልን" ብቻ ብላችሁ አትቀመጡ። ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ለሌላ ሥራ መከራየት እንደማይችል፣ በጽሑፍ ይግባ በሉ። ወለሉ የሚቆፈር መሬት ይሁን። ድር የሚደራበት ረጅም መተላለፊያም ከጎኑ ይኑር። ሕንፃው የቱንም ያህል ቢረዝም ይህ ከሥሩ ይገባል።

እዚያው ሰፈር መቅረቱ ላይ በደንብ ጠንክሩ። ወደ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሂዱ ብትባሉ፣ ከከተማዋ ሰሜን ጫፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ሄዳችሁ ማለት ነው። የአባትሽን ነጠላ የሚረከበው ሱቅ ያለው ሽሮ ሜዳ ነው። እናትሽ የፈተሉትን የሚወስደው ሸማኔም ጎረቤት ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ በሰፈር የተሠራች ከተማ ናት። መኳንንቱ በሰፈሩበት ዙሪያ ወታደሩም ሠራተኛውም አብሮ ሰፈረ፤ ሀብታምና ድሃ በአጥር ብቻ ተለያይቶ ኖረ። ይህ የከተማችን ትልቅ ሀብት ነው። ደግሞ በአንድ ጊዜ ከተበተነ፣ መልሶ የሚሰበስበው ፕላን እኔ እስካሁን አላየሁም።

ስለ ጎርፉም አንሡ። በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን ከከተማዋ መሬት 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ እንዲሆን ያስባል። ከእንጦጦ የሚወርደው ውኃ በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው። ደጁ ሁሉ ሲሚንቶ ከሆነ ውኃው የሚሰርግበት አያገኝም፤ ከታች ያለው ሰፈር ላይ ይወርዳል። የእናንተ 30 በመቶ አረንጓዴ የት እንደሆነ በጣታቸው ያሳዩዋችሁ። ልጆች የሚጫወቱበት ነው? ወይስ በአጥር የተከለለ ሣር ነው?

አሁን የቤት ሥራሽን ልስጥሽ። "ሽመና ባህላችን ነው" ብትሉ ያጨበጭቡላችኋል፣ ካርታው ላይ ግን ምንም አይለወጥም። ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። በሰፈሩ ስንት የሽመና ጉድጓድ አለ? ስንት ፈታይ አለች? የእድሩ ድንኳን ስንት እርምጃ ይሆናል? ደብተር ይዘሽ ቤት ለቤት ዙሪ። ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ከሆነ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሁንልን ብላችሁ አመልክቱ፤ ያለዚያ እናቶች አይመጡም። የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈሩን አይታችሁ፣ ቅጂ ጠይቁ። ፊርማ ከዚያ በኋላ ነው።

እና አባትሽ ራሳቸው ይናገሩ፤ አንቺ ከጎናቸው ቁሚ። በዚህ ሳምንት ድር ሲያደሩ ግን አብረሻቸው ውጪ። ከመጀመሪያው ችካል እስከ መጨረሻው ስንት ሜትር እንደሆነ ለኪና ለእኔም ጻፊልኝ።