ትንፋሽህን የት ጣልከው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ራፐር አዲሱን ሚክስቴፕ፣ ማለትም የራፕ ዘፈኖቹን ስብስብ፣ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ሳይራሩልኝ ይንገሩኝ» ብሎ። 19 ትራክ ነው። ሁለት ጊዜ በሄድፎን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በስልኬ ስፒከር ሰማሁት። ለእሱ የመለስኩትን ለናንተ ለራፐሮቹም ልጻፈው፤ ጥፋቱ የብዙዎቻችሁ ነውና። እኔ ድምፅ ስቀዳና ስሚክስ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኜ ሳዋህድ፣ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ራፕ አድርግ ብትሉኝ አልችልም። የምናገረው ጆሮዬ የሚያውቀውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያስደሰተኝን ልንገራችሁ። አራተኛው ትራክ ላይ አባቱን ስለማያውቅ ልጅ ይተርካል። እንዲህ ይላል፦ «አለ፣ አለች እናቴ። ካለ፣ የት አለ?» በዓይናችሁ አትለፉት፤ ጮክ ብላችሁ በሉት። የመጀመሪያው «አለ» ይጠብቃል፤ አባትየው መኖሩን ነው የሚናገረው። «አለች» ግን ይላላል፤ እናቲቱ መናገሯ ነው። ልጁ የሚጠብቁትን በሙሉ ከከበሮው ምት ጋር አጋጠማቸው። የሚላላው በመሃል ሾልኮ እንዲያልፍ ተወው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። ይሄ ልጅ በምት ጻፈው። «ቀ»ን፣ «ጠ»ን፣ «ጨ»ንም የሚያስቀምጥበትን ያውቃል። እነዚህ ድምፆች ታፍነው ስለሚፈነዱ ራሳቸው ከበሮ ናቸው። ሰው አስተምሮት ይሁን ጆሮው ነግሮት፣ እንጃ። ብቻ ሲያደርገው ፈገግ አልኩ።

ሌሎቹ ትራኮች ላይ ግን ሰነፈ። «ሄድኩ፣ ወደድኩ፣ ካድኩ» እያለ ይዘልቃል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ «ኩ» በ«ኩ» ቤት ሲመታ የገጠመው ቋንቋው ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ግሱን ወደ መሃል ሳቡትና ስም ላይ ጨርሱ። «አለች እናቴ» እንዳለው።

የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ልጁ መስመር በመስመር ቀድቶ ቀጣጥሎታል። ከዚያ በየመሃሉ የነበረውን ትንፋሽ እየቆረጠ ጥሎታል። ሒሳቡን እዩት። ቢቱ፣ ከሥር የሚሄደው ሙዚቃ፣ በደቂቃ 90 ምት ነው። አንድ ባር አራት ምት ነውና 16 ባር ማለት 64 ምት ነው፤ 43 ሰከንድ ገደማ። 43 ሰከንድ ሙሉ አንዴም አየር የማይስብ ሰው! አድማጩ ምን እንደሆነ አይገባውም፤ ብቻ ይጨንቀዋል። ሳያውቀው አብሮ ትንፋሹን ይይዛል። ያ የወደድኩት አራተኛው ትራክ እንኳ ከዚህ አልዳነም። «የት አለ?» ከማለቱ ቀጣዩ መስመር ይደረብበታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ ማን ነው አየር ሳይስብ የሚቀጥል?

እኔም አጥፍቼዋለሁ። በቴፕ ዘመን፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ የአንድ ትልቅ ሰው የግጥም ንባብ ቀዳሁ። ላሳምረው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሻቸውን በምላጭ ቆርጬ አወጣሁ። ጠዋት መጥተው ሰሙት። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉኝ። የቆራረጥኩትን ከወለል ላይ እየለቀምኩ መልሼ ስለጥፍ ዋልኩ። የትኛው ቁራጭ የየትኛው መስመር ትንፋሽ እንደሆነ መለየት እንዴት ያለ መከራ መሰላችሁ!

ስለዚህ ግጥሙን ስትጽፉ የምትተነፍሱበትን ቦታ በጭረት ምልክት አድርጉ። ቦታ ከጠፋ አንድ ቃል አውጡ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው «ደግሞ» ወይም «እኮ» ነው፤ ማንም አይናፍቀውም። ከዚያ ደረጃ እየወጣችሁ ቨርሱን ከዳር እስከ ዳር በሉት። የታፈናችሁበት ቦታ መድረክ ላይም ያፍናችኋል። የተቀዳ ድምፁን ከኋላ ከፍቶ መስመር መጨረሻ ላይ ብቻ «ዬ!» የሚል ራፐር አይታችኋል አይደል? እሱ ደረጃ አልወጣም።

ሌላውን በአጭሩ። 19 ትራክ በዛ፤ 8 ይበቃው ነበር። ቤዙ፣ ወፍራሙ የሙዚቃ ድምፅ፣ የልጁን ድምፅ ውጦታል። ሚክሱን እስኪሰነጠቅ ከፍ ማድረግም አያዋጣም። እነ ስፖቲፋይ ሲያጫውቱ ሁሉንም ወደ ተቀራራቢ ከፍታ ያመጡታል፤ ጩኸቱ ይወርዳል፣ መሰንጠቁ ይቀራል። ሳምፕል፣ ማለትም ከሌላ ሰው ዘፈን የምትወስዱትን ቁራጭ፣ ደግሞ አስፈቅዱ። እ.ኤ.አ. በ1991 ራፐሩ ቢዝ ማርኪ ሳያስፈቅድ በወሰደው ሳምፕል አሜሪካ ውስጥ ተፈርዶበት አልበሙ ከገበያ ተነሥቷል።

ልጁ ትናንት አራተኛውን ትራክ እንደገና ቀድቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ሚክሱን እርስዎ ይሥሩልኝ» ይላል። «የት አለ?» ካለ በኋላ ሁለት ምት ባዶ ትቷል። እዚያ ባዶ ላይ አየር ሲስብ ይሰማል። አፍንጫው ትንሽ የተደፈነ ይመስላል፤ ጉንፋን ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኩትም። ቤዙን ቀነስኩ፣ ድምፁን አወጣሁ፣ ከበሮውን አስተካከልኩ። ያቺን ትንፋሽ አልነካኋትም።