ከዲ ወደ ሲ ቦታ ማዞር ለፈለግከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ሲ ድራይቭ ሞልቶ ቀይ ሆኗል። ዲ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ አለ። ዲን ሽሪንክ አድርገህ (አሳንሰህ) ቦታ ብታወጣም ሲ ላይ «ኤክስቴንድ ቮሊዩም» (ማስፊያው) የሚለው ደብዝዞ አልጫን አለህ። ፋይል ሳይጠፋ እንዴት ላድርግ ነው ያልከው። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ጋ ነበርኩ።

1. ላፕቶፕህ አልተበላሸም። ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ሽሪንክ ሲያደርግ ባዶውን ቦታ የሚያወጣው ከፓርቲሽኑ (እንደ ሲና ዲ ካለው የዲስክ ክፍል) በስተቀኝ ነው። ሲ ደግሞ የሚሰፋው ከቀኙ ተያይዞ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ብቻ ነው። ያንተ ባዶ ቦታ ያለው ከዲ ማዶ ነው፤ መሃል ላይ ዲ ተቀምጧል።

2. «ዲን ወደ ቀኝ የሚገፋ ፕሮግራም አውርድ» የሚሉህን አትስማ። እኔ ሰምቼ ነው የተቃጠልኩት። ሲያዩት ቀላል ነው፣ በማውስ ይዘህ ጎተት ነው። ከጀርባ ግን ዲ ላይ ያለው ዳታ በሙሉ ከቦታው እየተነሳ ሌላ ቦታ ላይ ይገለበጣል። ሰዓታት ይፈጃል። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪው ደካማ ነበር፣ የቻርጀሩ ጫፍም ላላ ያለ። 61 በመቶ ሲል ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ቻርጀሩ ወልቆ ላፕቶፑ ጠፍቷል። ስከፍተው «ዲን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት አድርገው» የሚል መልእክት መጣ።

ዲ ላይ ለመመረቂያ ጽሑፌ የቀዳሁት የ17 ሰው ቃለ መጠይቅ ነበር። ባክአፕ አለኝ ብዬ ተማምኜ ነበር። ባክአፑ ግን እዚያው ዲ ላይ ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው! እባክህ ይህን ስህተት አትድገም።

ፎርማቱን አልነካሁም። ባለሙያ ነኝ ለሚል ሰው ወሰድኩት። «ዳታው ያስፈልገኛል፣ ምንም እንዳትነካብኝ» ብዬ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። በማግስቱ ስሄድ ዲን ፎርማት አድርጎ «ይኸው፣ አጽድቼልሃለሁ» አለኝ። ፋይሎቼስ? ስለው «እሱማ ድሮም ሄዷል» ብሎ ፊቱን አዞረ። ገንዘብም ተቀብሎኛል። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ ራሴ ገባሁበት። ዲስኩን ፈትቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁና ፎቶሬክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ያገኘውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ አስወጣሁ። ፋይሎቹ ስማቸውን አጥተዋል። «ኤፍ» የምትል ፊደልና ረጅም ቁጥር ብቻ። ዘፈኑም ቃለ መጠይቁም ተደበላልቋል። አንድ በአንድ እየከፈትኩ «እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁን» የሚለውን የራሴን ድምፅ ስፈልግ ሁለት ሳምንት አለፈ። ከ17ቱ 14ቱን አገኘሁ።

3. ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ዲ ላይ ያለውን በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጥ። ገልብጠህ አትተው፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ የተወሰኑ ፋይሎችን ከፍተህ እይ። ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) የበራ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን ሪከቨሪ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፈው። ቻርጀሩን ሰካ። ከዚያ ዲን ደልት አድርግ፣ ሲን ኤክስቴንድ አድርግ፣ በተረፈው ቦታ አዲስ ዲ ፍጠርና ፋይሎችህን መልስ። መጠኑን የሚጠይቅህ በሜጋባይት ነው፤ ለ100 ጊጋ 102400 ብለህ አስገባ። ዲ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ካለ እንደ አዲስ መጫን ይኖርብሃል። በዚህ መንገድ የእህቴንም የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼንም ላፕቶፕ ሠርቻለሁ፣ አንድ ፋይል አልጠፋም።

በሲና በዲ መካከል «ሪከቨሪ» የምትል ትንሽ ፓርቲሽን ካለች ግን ይሄ መንገድ አይሠራልህም፤ ዲን ደልት ብታደርገውም ኤክስቴንድ እንደደበዘዘ ይቀራል። እሷንም ሆነ ዊንዶውስ የሚነሳበትን «ኢኤፍአይ» የሚለውን ፓርቲሽን እንዳትነካ። ዲን ከመንካትህ በፊት የዲስክ ማኔጅመንቱን ስክሪንሹት ላክልኝ፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።